የአጥቢ እናት አመጋገብና የጡት ወተት (ከምባታና ሀዲያ)

የአጥቢ እናት አመጋገብ የሚባለው እናት ከወሊድ በኋላ ሰውነቷ ሳይጎዳ ሕፃኗን ለማጥባት የሚያስፈልጋት ምግብና መጠጥ ነው። በአዲሎ፣ በዱራሜ፣ በሆሳዕናና በዙሪያቸው ባሉ የከምባታና የሀዲያ ቀበሌዎች ጉዳዩ ከእንሰት ተነጥሎ አይታይም።

የወተት አመራረት

ሕፃኑ ሲጠባ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲመረት፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ እንዲወርድ ያደርጋል። ያጋተ ጡት ሳይጠባ ሲቆይ ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የወተቱን መጠን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱና ጡቱን በደንብ መጉረሱ ነው። በምግብ እጥረት በመጠኑ የተጎዳች እናት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ወተት ይኖራታል፤ ጉድለቱን የሚሸከመው የራሷ ሰውነት ነው። የወተቱ ቫይታሚን ኤ፣ ቢ1፣ ቢ12 እና አዮዲን ግን በምትበላው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ የጤና ባለሙያዎችም ከወትሮው ሁለት ጊዜ ጨምራ እንድትመገብ ይመክራሉ።

ቡላ፣ ዋሳና አተካና

የዱር እንሰት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካም ይበቅላል፤ ለምግብ አልምታ ሕዝብ የምታኖርበት ግን ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ከተፋቀው የእንሰት ግንድና ከተከተከተው ሥሩ (አሚቾ) የሚጨመቀው ፈሳሽ ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ቡላ ነው። ቀሪው በጉድጓድ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከምባታዎችና ሀዲያዎች ዋሳ ይሉታል። ከአንድ ተክል የሚገኘው ቡላ ጥቂት በመሆኑ ለእንግዳና ለአራስ ይቆጠባል። ለአራስ በገንፎ ወይም በሙቅ መልክ፣ ቅቤ ተጨምሮበት ይቀርባል። በሀዲያ ቡላን ከቅቤና ከወተት ጋር አዋህዶ የሚሠራው አተካና የክብር ምግብ ነው።

ትኩስ የቡላ ሙቅ ወተት ያወርዳል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ሙቁ ውኃና ጉልበት ስለሚሰጥ፣ አራሷም እንድታርፍ ምክንያት ስለሚሆን እምነቱ ያለ መሠረት የመጣ አይመስልም። ሆኖም ቡላ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ዋሳም ቢሆን ብዙ አይበልጠውም። አራስን የሚገነባው አብሮ የሚቀርበው ወተት፣ አይብ፣ ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ጎመን ነው። ላም በሌለበት ቤት ግን ሙቁ ብቻውን ይቀራል፤ የአካባቢው እናቶች አንዱ ችግርም ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲቀር ማሳው ለምልሞ እየታየ በከምባታ፣ በሀዲያና በወላይታ ብዙ ሕፃናት ለከፋ የምግብ እጥረት ተዳርገዋል። ክስተቱም «አረንጓዴ ረሃብ» ተብሏል።

አብሽና ሌሎች

አብሽ ወተት ይጨምራል የሚባለው ከኢትዮጵያ አልፎ በሕንድና በመካከለኛው ምሥራቅም ነው። የተደረጉት ጥናቶች ግን አነስተኛና ውጤታቸው የተለያየ በመሆኑ ማስረጃው ደካማ ነው። አብሽ የደም ስኳርን ሊቀንስ ይችላል፤ በመሆኑም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪሟን ብታማክር ይሻላል። የአጃ አጥሚትና ተልባም በየቤቱ ይሰጣሉ።

እንገር

በወሊድ ሰሞን የሚወጣው ቢጫማው ወተት በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች ያሉት ስለሆነ አይጣልም። ጨቅላን ቅቤ ማቅመስ አይመከርም፤ እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ ይበቃዋል።

የወሊድ ፈቃድ

ቶሎ ቶሎ ለማጥባት ጊዜም ያስፈልጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። አዋጁ የሚሠራው በቅጥር ላይ ላሉ ነው፤ እንሰት የምትፍቀውንና ገበያ ወጥታ ለራሷ የምትነግደውን እናት አይሸፍንም።