ከማስመስከር እስከ ማህደረ ተግባር፤ የመምህሩ ፈቃድና የመምህሩ እንጀራ

የመምህራን የሙያ ፈቃድና ደመወዝ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ይሄዳል። አርዲቦ በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ምድር፣ ከታላቁ ሐይቅ ከፍ ብሎ ተራራ ታቅፎት የተኛ ውሃ ነው። በዚያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አጎቴ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። ሥራ የጀመሩት ከ12ኛ ክፍል በኋላ በተሰጣቸው የአንድ ዓመት ሥልጠና ሠርተፍኬት ነበር። በኋላ ዲፕሎማ ያስፈልጋል ተባለ። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር፣ ገበሬው ወደ አረም ሲሰማራ፣ እርሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ለክረምት ትምህርት ወደ ደሴ ይወጡ ነበር። በበጋው ደግሞ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ቅጽ ይሞላሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይገለብጣሉ፤ ማህደረ ተግባራቸውን ያደልባሉ። አንድ ቀን ይህ ሁሉ ወረቀት ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ግማሹ ለተማሪዎቼ ነው፤ ግማሹ ለእንጀራዬ። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ መለየት ግን አቅቶኛል» አሉኝ።

የዛሬው ጽሑፌ ይህን መልስ ለመረዳት የተደረገ ሙከራ ነው።

ፈቃድ ለእኛ እንግዳ አይደለም

መምህር በፈቃድ ያስተምር መባሉን ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አድርገው የሚያዩ አሉ። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። ከአርዲቦ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ስመ ጥር የትምህርት ማዕከል ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረው ወጥተዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ ሄዶ «ካላስመሰከረ» በሙያው የተሟላ መምህር ነኝ ለማለት አይደፍርም ነበር። በወሎ እስላማዊ የትምህርት ማዕከላትም፣ በዳና፣ በጀማ ንጉሥና በገታ፣ ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት ቀርቶ ኢጃዛ ሲቀበል ለሌላው የማስተማር ፈቃድ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሁለቱም ሥርዓት ፈቃዱን የሚሰጠው የተማሪውን ንባብና ዜማ በጆሮው የሰማ፣ ሲሳሳት ያረመ፣ ሙያውን ራሱ የሚያውቅ ሰው ነው። ወረቀት ቢኖር እንኳ የምስክርነቱ ማስታወሻ እንጂ ምስክርነቱ ራሱ አልነበረም።

የካቲት 1966

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ መምህሩ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ፤ ዕውቀቱና እንጀራውም በአንድ መዝገብ ላይ ተጻፉ። ይህ ግንኙነት ሲበላሽ ምን እንደሚያስከትል ያየነው በ1966 ዓ.ም. ነው። «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ መምህራን ሥራችን ይበዛል፣ ደመወዛችንና ዕድገታችን ይጎዳል ብለው ተነሡ። ጥናቱ ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ ለማዳረስ የታሰበ በጎ ሐሳብ ነበረበት፤ ነገር ግን ሸክሙን የሚሸከመውን ሰው ሳያማክር የተዘጋጀ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪነት የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ፤ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን ለማዘግየት ቢገደድም ጊዜው አልፎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. መባቻ ዘውዱ ወደቀ። አብዮቱን መምህራን ብቻ አመጡት ማለቴ አይደለም፤ የመምህሩን እንጀራ የነካ ማሻሻያ ግን የትምህርት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ያን ጊዜ ታይቷል።

መሰላሉና ማህደሩ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መምህሩ ብቃቱ ተረጋግጦ እንዲያስተምርና በሙያ ዕድገት መሰላል እንዲወጣ ደነገገ። ከጀማሪ መምህር ወደ መለስተኛ፣ ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ፣ ወደ ተባባሪ መሪና ወደ መሪ መምህር የሚወስደው እርከን የመጣው ይህን ተከትሎ ነው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ተጀመረ፤ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚባለውም ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ። ኋላም በተዘጋጀው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በሙያዊ ማሻሻያ እንዲያሳልፍ ተወሰነ። ጥቂት ቆይቶ የሙያ ፈቃድ መስጠትና ማደስ ሲመጣ፣ ከመቶው 80 ለጽሑፍ ፈተና፣ 20 ለማህደረ ተግባር ተመደበ።

በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። 60ው ሰዓት ከየት ይምጣ? በሁለት ፈረቃ ለሚያስተምረው፣ ከደሞዝ በፊት ብድሩ ለሚጠብቀው መምህር ሰዓቱ የሚገኘው ከእንቅልፉ ነው። ማህደሩን የሚመዝነውስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ መምህሩ ሲያስተምር አንዲት ክፍለ ጊዜ እንኳ ተቀምጦ ያልሰማ ሰው ነው። የሚቆጠረው ፊርማና ማኅተም ስለሆነ ማህደር መገልበጥ ሌላ ሙያ ሆነ። አጎቴ ዲፕሎማቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ መሥፈርቱንም አሟልተው ወረፋ ሲጠብቁ፣ የሚመለከተው ክፍል «በጀት የለም» እያለ የደረጃ ዕድገታቸውን አንድ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ ዓመት አሻገረው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች መምህራን ፈቃዳቸውን ለማደስ ተጨማሪ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ማስተርስ ዲግሪም በብዙ ቦታ ደመወዝ ይጨምራል። ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን የተማሪውን ውጤት እምብዛም እንደማያሻሽል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ለወረቀት የሚከፍል አገር የሚያገኘው ወረቀት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፈቃዱ ይቅር የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ አልስማማም። የአርዲቦ ገበሬ ልጅም ብቃቱ የተፈተነ መምህር ይገባዋል፤ ለእርሱ ሲሆን ያልተፈተነ ይበቃል የምንልበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ውል ሁለት ወገን አለው። መንግሥት መምህሩን ተማር ሲል ጊዜውን በሥራ ሰዓት ውስጥ ይስጠው። ደረጃህን አሻሽል ሲል የጭማሪውን በጀት አስቀድሞ ይያዝ። ብቃትህን አስመስክር ሲል ደግሞ ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ድረስ ልኮ ያስደምጠው።

ይህ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭትም እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን መምህር ማህደርህ የት አለ ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተምርበት ክፍልና የሚያድርበት ሰላም ይመለስለት።

የአርዲቦ ውሃ በአንከርካ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅን ይመግባል። ላይኛው ሲጎድል ታችኛውም መጉደሉ አይቀርም። አጎቴ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ማህደራቸው አሁንም በሣጥን ውስጥ አለ። አንድም ሰው ከፍቶ አንብቦት አያውቅም። ያስተማሯቸው ልጆች ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው «የኔታ» ይሏቸዋል። እኔ ከሁለቱ ምስክሮች የትኛውን እንደማምን ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።