ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይዘምራል?

የዜማችን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የተገረፈ ልጅ ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ በበትር ተመትቶ፣ ተማርሮ እንደ ኮበለለ ትውፊቱ ይነግረናል። ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ግን ወጥታ ፍሬውን ስትበላ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ሰባኪዎቻችን ይህን ታሪክ የሚተርኩልን ስለ ትዕግሥት ሊያስተምሩን ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ዐሳቤ የሚሄደው ወደ ጌዴዎን ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች ያቆየልን ያ ታላቅ ሊቅ፣ ልጅ ሳለ በሚገባው መንገድ የሚያስተምረው ሰው አላገኘም ነበር። ልቡን የከፈተው በትሩ ሳይሆን፣ ከበትሩ ሸሽቶ በገዛ ዓይኑ ያየው ነገር ነው።

ለሕፃናት መንፈሳዊ መዝሙር የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህ ችግር ይጠብቀዋል። በእኛ አካባቢ፣ በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በአዲስ ዓለም፣ በሆለታና በጌዶ ደግሞ አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ እርሱም የቋንቋ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ልበል። የዘመኑ ሰው ይህን ትምህርት ቤት “ሽምደዳና አለንጋ” ብሎ በሁለት ቃል ይዘጋዋል። አለንጋው አልቀረም፤ ነገር ግን ሽምደዳ የሚባለው ነገር በውስጡ ዜማ ነበረበት። ልጁ ሀሁን ሲቆጥር ያዜማል፤ አቡጊዳን ሲቆጥር ያዜማል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ሲያነብ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ድምፁን እያነሣ እየጣለ ነው። ማንበብና ማዜም የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን የሚያውቀው ካደገ በኋላ ነው። በምሠራበት ባንክ ገንዘብ ለማውጣት የሚመጡ አንዳንድ አዛውንት ቅጹን ሲያነቡ፣ ጣታቸው በመስመሩ ላይ እየሄደ፣ ድምፃቸው ዳዊት ከሚደግም ሰው ድምፅ አይለይም። ከሥልሳ ዓመት በፊት በጆሮ የገባ ነገር እንዲህ አይወጣም።

በምሽት ደግሞ የቃል ትምህርት ነበረ። ጨለማ ሲሆን መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ውዳሴ ማርያምን እየቆራረጠ ይናገራል፣ ትንንሾቹ ይቀበላሉ። ልብ እንበል፤ በዚህ ሥርዓት አብዛኛውን የማስተማር ሥራ የሚሠራው መምህሩ ሳይሆን ከልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚበልጠው ተማሪ ነው። ልጅ ከልጅ ሲማር አያፍርም። ዛሬ የሥነ ትምህርት ሰዎች በብዙ ሥልጠና የሚያስተዋውቁት ዘዴ በእኛ ደጀ ሰላም የኖረ ነው።

ጉድለቱ ግን ግልጽ ነበር። ቃሉ ቀድሞ ይገባል፣ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል። ዜማ ቤትን አልፎ ቅኔ ቤት የገባ፣ ከዚያም መጻሕፍት ቤት የደረሰ ሰው በልጅነቱ ያዜመውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይረዳዋል፤ ይህ ደስታ በሌላ በምንም አይገኝም ይላሉ የደረሱበት። ከመቶ ልጅ ስንቱ ይደርሳል? ሴቶች ልጆችስ? በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማ የገጠር ልጅ ደግሞ ግዕዙን በአማርኛ በኩል መረዳት ነበረበት፤ አማርኛውም ለእርሱ የሰው ቤት ነው። ሁለት በር ማለት ነው፣ ሁለቱም የተዘጋ።

አንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም በር ከፍቶ ይገባል። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን አንዱ ነው። ኦሮምኛው፣ አማርኛውና ከቤተ ክርስቲያን የተማረው ግዕዝ በአንድ ጆሮ ውስጥ ተገናኙ፤ ከዚያ ምን እንደ ወጣ አንባቢዬ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ነገር ግን በአንድ ጸጋዬ ሥርዓቱን ሁሉ ማመስገን፣ በአንድ ባለጸጋ ደንበኛ ባንኩን ሁሉ እንደ መመዘን ነው።

ከቄስ ትምህርት ቤቱ ይልቅ ሁሉንም ልጅ ያለ ልዩነት ያስተማረው፣ ማንም ትምህርት ቤት ብሎ ያልጠራው ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ሲከበር ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጃፉ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ ይቀበላሉ። ግጥሙን የማያውቀው ትንሹ ልጅም ሥራ አለው፤ መምታትና መቀበል። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹን ያውቃል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አውጪ ይሆናል። የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው ድምፅ፣ ችቦው የተገለጠው ብርሃን፣ ሙልሙሉ ደግሞ በብርሃኑ ምክንያት ሌሊት መሆኑን ዘንግተው በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው የወሰዱላቸው ዳቦ እንደሆነ አባቶች ይተረጕማሉ። እንግዲህ ልጁ የወንጌሉን ምዕራፍ በጆሮው፣ በክንዱና በሆዱ ተማረው ማለት ነው። ሴቶቹም መስከረም 1 ቀን በአበባየሆሽ እንዲሁ ያደርጋሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ልጅ ዘማሪ የሚሆነው ተቀባይ ሆኖ ጀምሮ ነው።

የልጆችን ጨዋታ ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር አስተባብሮ ወደ መጽሐፍ ያስገባው ሥራ ግን የተሠራው ከእኛ እጅግ ርቆ፣ በቀይ ባሕር ዳር በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በዚያ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ነበረው። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት የተሸጠውና በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1887 የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የታተመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። እንግዲህ መዝሙሩ ከመጽሐፉ 12 ዓመት ቀደመ።

ከኦነሲሞስ ጎን የሠራችው አስቴር ገኖ ናት። እርሷም በባርነት ተሸጣ በመርከብ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከበኞች አስጥለው ወደ እምኩሉ ያመጧት ልጃገረድ ነበረች። የኦሮምኛ ተረቶችን፣ እንቈቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ የተጻፈውም በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩን እስቲ አስበው። ከእናቷ እቅፍ የተነጠቀች ልጅ፣ በባዕድ አገር ተቀምጣ፣ ሌሎች ልጆች እንዲማሩበት የእናቷን ቤት ጨዋታ ትጽፋለች። ለልጅ መንፈሳዊ ንባብ ሊያስተምሩ የተነሡ ሰዎች አስቀድመው ልጁ የሚያውቀውን ዘፈን በእጁ ሰጡት። ይህ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የተደረገ ነው፤ እኛ ዛሬም ገና እንከራከርበታለን።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምት ማስተማር ሲጀምር በኦሮምኛ መስበኩ ካህናቱን አስቆጣ። ተከሰሰ፤ ወደ ነቀምት እንዲመለስ ቢፈቀድለትም እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ እስከ ልጅ ኢያሱ ዘመን ድረስም በዝምታ ቆየ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ለመነሻ ያህል በቃል ብቻ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦም እንዲሁ በየከተማው ልጆች መንፈሳዊ መዝሙር በአማርኛ ተማሩ፤ በኦርቶዶክሱም ሆነ በወንጌላውያኑ ዘንድ።

የሰንበት ትምህርት ቤቶች የተስፋፉት በዚህ መሐል ነው። ለሕፃናት የተለየ ክፍል ተከፈተ፤ ሴቶች ልጆች ከወንዶች እኩል ቆሙ፤ አጫጭር የአማርኛ መዝሙራት ተደረሱ፤ በአቋቋም ቤት ዓመታት የሚፈጀውን ወረብ ሕፃናት በነጭ ልብስ ተሰልፈው እያሸበሸቡ አቀረቡት። አንዳንድ ሊቃውንት ዜማው ቀለለ ብለው አዘኑ። ኀዘናቸው ይገባኛል፤ ከበሮውን ካልነካ ልጅ መካከል ግን ነገ መሪጌታ አይወጣም። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ መጽሐፍ ሊወረስ ይችላል፣ በቃል የተያዘ መዝሙር ግን አይወረስም።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያደገ የአምቦ ልጅ ከሰኞ እስከ ዐርብ በቁቤ ይጽፋል፤ እሑድ ወይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መዝሙር ይሰጠዋል፣ ወይ በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ መዝሙር። ጥያቄው የልጆች ብቻ አለመሆኑን ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወሊሶ የተደረገው ሢመተ ጵጵስናና ያስከተለው የቤተ ክርስቲያን መከፈል አሳየን። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ሲደረስ ምእመናን በቋንቋቸው የመገልገላቸው ጉዳይ ከዋናዎቹ ነጥቦች አንዱ ነበር። ስለ ሹመቱ ሊቃውንቱ ይናገሩ፤ እኔ የምናገረው ስለ መዝሙሩ ነው።

በመዝሙሩ በኩል ያለው ችግር፣ ግጥም የሚሞክር ሰው በቀላሉ የሚያየው ነው። ብዙ የኦሮምኛ መዝሙር የተሠራው አማርኛውን ተርጕሞ በዚያው ዜማ ላይ በመጫን ነው። ኦሮምኛ ግን አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉሙ ይለወጣል። “ቦና” አጥሮ ሲነገር በጋ ነው፤ “ቦ” ሲረዝም ክብርና ኩራት ነው። በግዕዝ ፊደል ሁለቱም አንድ ዐይነት ይጻፋሉ፤ ቁቤ ለረጅሙ ፊደሉን ስለሚደግም ይለያቸዋል። የአማርኛው ዜማ በዚያ ቦታ ፈጥኖ የሚያልፍ ከሆነ ረጅሙ ያጥራል፣ ክብሩም በጋ ይሆናል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማችን በአንድ የመዝሙር ጥናት ላይ ይኸው ደረሰ። መምህሩ ቅን ወጣት ነው፤ ግጥሙን በሰሌዳ በግዕዝ ፊደል ጽፎ ያስዘምራል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ከፊት የተቀመጡት ትንንሾቹ ተያይተው ሳቁ። ሊቆጣ ሲል አንዲት የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ተነሥታ፣ “ጋሼ፣ እንደዚህ ከሆነ እኮ የእግዚአብሔር በጋ ማለት ነው” አለችው። ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከበሮውን ወደ ራሱ ስቦ፣ በዚያ ቃል ላይ አንድ ምት ጨመረ፤ “ቦ” የምትለውን በሁለት ምት አስረዝሞ ዘመራት። ልጆቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ተቀበሉት። ልጅቱም ሳትቀመጥ፣ ቆማ፣ ቀጣዩን መስመር ራሷ አወጣች።