በቤት የተቀመመ የቬፕ ፈሳሽ ቶሎ እንዲደርስ የሚደረገው ነገር ይሠራል?

#ማብራሪያ

በአውሮፓና በአሜሪካ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሽ ቤታቸው የሚቀምሙ ሰዎች አሉ። ቀላቅለው ወዲያው አይጠቀሙበትም፤ ጠላ እስኪደርስ እንደሚጠበቀው ጥቂት ቀን ያቆዩታል። ይህን "ስቲፒንግ" ይሉታል። መጠበቁ የሚሰለቻቸው ደግሞ ማፍጠኛ ይፈልጋሉ። የሚሠራውን፣ የማይሠራውንና አደገኛውን ለይተን አቅርበናል።

🔹 ለምን ቤት ይቀመማል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት ኒኮቲን ያለበት የመሙያ ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲኑም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ኒኮቲን የሌለው ፈሳሽ ይህ ገደብ አይነካውም። ስለዚህ ለየብቻ ገዝቶ መቀላቀል ይረክሳል።

🔹 ሲቆይ ምን ይሆናል?

አንደኛ፣ ይዋሃዳል። ግሊሰሪን እንደ ማር ወፍራም ስለሆነ ማጣፈጫውና ኒኮቲኑ ሁሉም ጋ እኩል እስኪዳረሱ ጊዜ ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ኬሚካላዊ ለውጥ አለ። የዬልና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ የቫኒላና የቀረፋ ዓይነት ማጣፈጫዎች ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ሲገናኙ ማንም ሳያሞቃቸው አዲስ ውህድ ይፈጥራሉ። ከነዚህ ውስጥ የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጡ አሉ። "ደረሰ" ማለት "ጉዳቱ ቀነሰ" ማለት አይደለም!

በልምድ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት፣ የክሬምና የካስታርድ ዓይነቱ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል።

🔹 ማፍጠኛዎቹስ?

👉 መነቅነቅ፦ መዋሃዱን በእርግጥ ያፋጥናል፤ ሌላውን ግን አይለውጥም።

👉 ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር፦ ግሊሰሪኑን ስለሚያቀጥነው ቅልቅሉ ይፈጥናል። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ኒኮቲኑ ይበላሻል፣ መዓዛውም ይተናል።

👉 ክዳኑን ከፍቶ መተው፦ አየር ኒኮቲንን ያበላሻል፣ ቀለል ያሉትን መዓዛዎችም ይዞ ይሄዳል።

👉 ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ፦ በፍጹም! ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ የኒኮቲን እንፋሎትም ምግብ የሚበስልበት ቤት ውስጥ ይሞላል።

ቀለሙ ስለጠቆረ "ደርሷል" የሚሉም አሉ። ኒኮቲን አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ቫኒላ ያለበትም እንዲሁ። ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

🔹 ምንም ያህል ቢቆይ የማይስተካከለው

➡️ ዳይአሴቲል፦ የቅቤ ጣዕም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከታየው የማይድን የሳንባ በሽታ ጋር ተያይዟል። መብላቱና ወደ ሳንባ መሳቡ አንድ አይደለም።

➡️ ዘይት፦ ዘይት ያለበት የምግብ ማጣፈጫ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። በአሜሪካ ከ2019 ጀምሮ በተከሰተው ከቬፕ ጋር የተያያዘ የሳንባ ጉዳት፣ እስከ የካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 68 ሰዎች መሞታቸው ተረጋግጧል። ዋናው ተጠርጣሪ በካናቢስ ፈሳሾች ላይ የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ዘይታማ ነገር ነበር።

➡️ ኒኮቲኑ ራሱ፦ በቆዳም ይገባል። ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቡ። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ማላብ ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞቷል። እንዲደርስ ተብሎ ለሳምንታት ቤት የሚቀመጠው ጠርሙስ የፍራፍሬና የከረሜላ ሽታ እንዳለው አትርሱ!

🔹 በኢትዮጵያስ?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ይከለክላል።

ባጭሩ፦ መዋሃዱን ማፍጠን ይቻላል፤ ደኅንነቱን ግን መነቅነቅም ሆነ ማሞቅ አያመጣውም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቤታችሁ ልጅ ካለ ጠርሙሱ የት እንደተቀመጠ ዛሬውኑ እዩ። ለሚመለከተው ጓደኛችሁም አጋሩት።