ከአፋር በረሃ እስከ እንጦጦ ዳገት፦ አህያ በታሪካችንና በአነጋገራችን

የአህያ ታሪክ ከእኛው አካባቢ ይነሣል። የዱር ዘመዶቿ ቁጥራቸው ተመናምኖም ቢሆን ዛሬም በአፋር በረሃ ይገኛሉ። የዘረመል ተመራማሪዎችም አህያ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ለማዳ እንደሆነች ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ያደረገችውን ጉዞ በሦስት ዘመን ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የሲራራ ዘመን ነው። ነጋዴው አሞሌውንና ቡናውን፣ ገበሬውም እህሉን በጀርባዋ ጭኖ ገበያን ከገበያ አገናኘ። በአነጋገራችን የምናውቃት አህያ የተቀረጸችው በዚህ ዘመን ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ጠባቂው ሊያድነው የማይችለውን ሰው፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲባል ኃይለኛውን ሸሽቶ ደካማውን የሚመታውን ያሳያል። በታወቀው ተረትም አውሬዎች ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ የአንበሳው፣ የነብሩና የጅቡ ግድያ ይታለፋል፤ ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ግን ተፈርዶባት ትበላለች። ባጭሩ፣ ሕዝቡ በአህያ አስመስሎ የተናገረው ስለ ድሀና ስለ ፍርድ ነው።

ሁለተኛው የከተማ ዘመን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከተማው ከተራራው ወደ ፍልውሃ መውረድ ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን ያሰጋት የማገዶ እጥረት የተቃለለው በባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦ እንጨቱን፣ ከሱሉልታ እህሉን ቁልቁል ያወረዱት አህዮችና እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው። መኪና ከመጣ በኋላም ሥራው ከሁለቱም ጫንቃ አልወረደም።

ሦስተኛው የእኛ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ የቆዳዋ ፍላጎት በቻይና ሲያድግ ገበያው ወደዚሁ አማተረ። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ሥጋዋን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳዋ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ።

ሦስቱን ዘመን የሚያያይዘው ክር አንድ ነው፤ በምሳሌያችን ዝቅ ያደረግናት እንስሳ ኑሯችንን ተሸክማ ኖራለች። እገዳው ከቆዳ ነጋዴ ይከልላት ይሆናል፤ ከመጠን ያለፈ ጭነትንና ዱላን ማስቀረት ግን የባለቤቷ ፈንታ ነው።