የጃንሆይ ወረቀት

አያቴ ሁለት ነገር ለማንም አታስነካም ነበር። አንዱ የአባቷ ዳዊት ነው፤ ሌላው በዳዊቱ ውስጥ አራት ላይ ታጥፎ የሚቀመጠው ወረቀት። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ታወጣዋለች። ከላይ ያለውን ማኅተም ትስመውና ግንባሯን ታስነካዋለች። «ጃንሆይ ለአባቴ የጻፉለት ነው» ትላለች። አባቷ በጣሊያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ በዱር የከረመ አርበኛ ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኛ ደግሞ መጠጋት አይፈቀድልንም።

ካረፈች በኋላ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ በሦስት ቀን ውስጥ ከሐዘን ወደ ሒሳብ ተሻገረ። አክስቴ ለሕክምናዋ የተበደረችው ገንዘብ ነበር፤ አበዳሪዎቹም ከሠልስቱ በኋላ መታገሥ አልቻሉም። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ መፍትሔ አመጣ፤ «የንጉሥ ፊርማ ያለበት የጦርነት ጊዜ ደብዳቤ እኮ ጨረታ ላይ በዶላር ነው የሚሸጠው፤ በሰው እጅ ላኩልኝ»። አክስቴ ምንም አልጻፈችም። ማታ ደውላ ግን «አንቺ ታሪክ ታነቢያለሽ፣ እስቲ የሚሆነውን እይልኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ያየው አይመስለኝም። «60 ሺህ ብር፣ አሁኑኑ» አለ። ፍጥነቱ አስፈራኝና ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ያስፈራኝ ሌላም ነገር ነበር። የአጎቴ ልጅ «ፊርማ» ይበል እንጂ ወረቀቱ ላይ ፊርማ የለም። ይሄ ብቻውን ግን ሐሰተኛ አያደርገውም። በእኛ አገር ፊርማ የቅርብ እንግዳ ነው። ንጉሡም ደጃዝማቹም ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው አይጽፉትም፤ ጸሐፊ አላቸው። ደብዳቤውን የእገሌ ነው የሚያሰኘው ማኅተሙ ነው። የዐፄ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ከላይ አንበሳው ያለበት ክብ ማኅተም፣ ቀጥሎ «ሞዓ አንበሳ»፣ ከዚያ ሰላምታው፣ ጉዳዩና ቀኑ። አለቀ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሁለቱም ዓለም የኖሩ ናቸው። በማኅተምም ይጽፋሉ፣ በአማርኛም ይፈርማሉ፣ ፎቶግራፋቸው ላይ ፈርመው ለእንግዳ ይሰጣሉ። እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ሳሉም ለአርበኞች ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ስለዚህ የአያቴ ወሬ ሊሆን የማይችል ወሬ አልነበረም።

በሰው በሰው አንድ ጡረታ የወጡ የሰነድ ባለሙያ አገኘሁ። ቤታቸው ሄጄ ወረቀቱን ስዘረጋላቸው ዓይናቸውን ከማኅተሙ ላይ አነሡ። «ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው» አሉና ገልብጠው በጣታቸው ዳበሱት። እኔም እንድዳብስ አደረጉኝ። ፊደሎቹ በስተጀርባ በኩል ጉብ ጉብ ብለው ይታወቃሉ። ይህ የማተሚያ መኪና ምልክት ነው፤ የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ሲጫነው የሚተወው። ብዕር እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ ማጉያ መነጽር ሰጡኝ። በእጅ የተመታ ማኅተም በመነጽር ሲታይ ሰው ሰው ይሸታል፤ ትንሽ ያጋድላል፣ አንዱ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ጭረት ይፈስሳል። የኛው ግን ዙሪያው እኩል ነው። ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው የሌላ ሰው ወረቀት ፎቶ አሳዩኝ። ጽሑፉ ያው፣ ማኅተሙ ያው፣ የአንበሳው ጅራት አጠገብ ያለችው ስንጥቅ እንኳ ያችው! ሁለት ጊዜ ተመሳስሎ የሚመታ እጅ የለም። ይሄ ለፊርማም ይሠራል፤ ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ልክ ከተኙ፣ ወይ አንዱ ከሌላው ተቀድቷል ወይ ሁለቱም ታትመዋል።

ሌሎች መፈተኛዎችንም ነገሩኝ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወረቀት ሲሠራ የሚያነጣ ኬሚካል ይጨመርበት ጀመር፤ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። «የ1933» ተብሎ የመጣ ደብዳቤ በጨለማ ካበራ ሸኙት። በቢክ እስክሪብቶ የተፈረመ የአርበኞች ዘመን ደብዳቤ ይዞላቸው የመጣ ሰውም ነበር፤ እስክሪብቶው ገበያ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ መሆኑን ሲነግሩት ተቆጥቶ ሄደ።

የኛ ወረቀት ግን ሐሰተኛ አይደለም። በራሪ ወረቀት ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ጃንሆይ ካርቱም ደረሱ። እዚያ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ የያዘው ጆርጅ ስቲር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ በ1937 (እ.ኤ.አ.) ጌርኒካ በቦምብ መጋየቷን ለዓለም ያሰማው ያው ጋዜጠኛ። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ በአማርኛ ታትሞ፣ ከላይ የአንበሳው ማኅተም ተደርጎበት፣ ከአውሮፕላን ይበተን ጀመር። መልእክቱ ባጭሩ ንጉሣችሁ ቀርቧል፣ ለጣሊያን ያደራችሁም ከድታችሁ ኑ የሚል ነው። ስቲር በኋላ ስለ ዘመቻው የጻፈውን መጽሐፍ «ሲልድ ኤንድ ዴሊቨርድ» ብሎታል፤ ማኅተም ተመትቶበት የደረሰ እንደ ማለት። ስሙን ከማኅተሙ መጀመሩ አይገርመኝም። ከአራት ዓመት በላይ ንጉሡ የት እንደገቡ ሲወራበት ለኖረ ሰው ከሰማይ የወረደ ማኅተም ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ወረቀቱን በጣሊያን ግዛት ይዞ መገኘት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጃንሆይ ድንበሩን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ነው። ወረቀቱ ከእሳቸው በፊት ቀድሞ ገብቷል።

«ታዲያ አያቴ የሳመችው ጋዜጣ ነው?» አልኩ። ትንሽ አሳፈረኝ መሰለኝ ድምፄ ተሰበረ።

አልመለሱልኝም። አሁንም ጀርባውን እያዩ ነው። «ይሄንን አንብባችሁታል?»

አላነበብነውም። ለእኛ ወረቀቱ ማለት የማኅተሙ ገጽ ነበር። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፉ ዘጠኝ መስመሮች አሉ፤ በእጥፋቱ ላይ ትንሽ ተፍቀዋል፤ የቀረው ይነበባል። ከላይ «ጥይት» ይላል። ከሥሩ የሰው ስም፣ ከስሙ ትይዩ በግዕዝ አኃዝ ቁጥር። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ቁጥር። ትልቁ ፲፩ ነው።

ዳዊቱን አምጪ አሉኝ። በማግሥቱ ወሰድኩላቸው። ቅድመ አያቴ ባዶው ገጽ ላይ የልጆቹን የልደት ቀን ጽፎበታል። ጎን ለጎን አስቀመጡና የ«ገ» እግር፣ የ«ሐ» ወገብ፣ የቁጥሮቹን ሰረዝ አንድ በአንድ አስተያዩ። ጨክነው የሚናገሩ ሰው ናቸው፣ ቢጠራጠሩ ይነግሩኝ ነበር። «የአንድ ሰው እጅ ነው» አሉ።

ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው ሳቁ። የዚህ ዓይነት ነገር ዋጋ የሚወጣው ማን ጻፈው፣ እንዴት እዚህ ደረሰ፣ ምን ይላል፣ ምን ያህል ተርፏል ተብሎ ነው። የፊተኛው ገጽ የንጉሥ ነው፣ ግን ብዙ ቅጂ ተበትኗል። የኋለኛው የታወቀ ሰው አይደለም፣ ግን በዓለም ላይ አንድ ነው። ገበያ የሚያውቀው ግን የፊተኛውን ብቻ ነው። ይህን ያረጋገጠልኝ ራሱ ነጋዴው ነው። በራሪ ወረቀት መሆኑን ስነግረው 60 ሺው 4 ሺህ ሆነ። «ጀርባው ባይቆሽሽ ኖሮ 6 እሰጥሽ ነበር» አለኝ።

አሜሪካ የመላኩን ነገር ባለሙያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሡት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ሌላው አጎቴ ደግሞ ላሚኔት እናስደርገው ብሎ ነበር። እግዜር ያተረፈው! ሙቀቱና ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያላቅቀውም። ያረጀ ወረቀት ቤታችሁ ካለ ፕላስተርም አትለጥፉበት። ከፀሐይ አርቃችሁ፣ በንጹሕ ወረቀት አቅፋችሁ አስቀምጡት፤ ከመሸጣችሁም ከመጣላችሁም በፊት ገልብጣችሁ እዩት።

የአጎቴ ልጅ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ከረመ። በኋላ ከዕዳው ግማሹን ላከ፤ ለምን እንደላከ አልጻፈም፣ «የጀርባውን ፎቶ በደንብ አንሥታችሁ ላኩልኝ» ብቻ አለ። የቀረውን በየወሩ እያዋጣን ነው።

ለአክስቴ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ጃንሆይ ለአያቷ አልጻፉለትም፣ ለሁሉም ሰው ነው የጻፉት አልኳት። «ለሁሉም ሲጽፉ እሱ አልነበረም እንዴ?» አለችና ጀርባውን እንዳነብላት ጠየቀች። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ስድስተኛው ላይ አስቆመችኝ።

«እሱን አውቀዋለሁ! የወንድሜ ክርስትና አባት ነው። ስንት ይላል?»

«አምስት።»

«አምስት ጥይት?» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ለእኛ እኮ እስኪሞት ድረስ መቶ ነበረኝ ነው ያለን።»