5 ለ 1 ያሸነፈው ተባረረ፤ የተሸነፈው ቆየ

ክለባችን ሁለት ጨዋታ በተከታታይ በተሸነፈ ቁጥር ዲኤስቲቪ ቤቱም፣ የቴሌግራም ግሩፑም፣ የታክሲ ውስጥ ወሬውም አንድ ቃል ብቻ ይሆናል፦ «ይባረር!» እኔም የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝና ብስጭቱን አውቀዋለሁ። ስለ ትዕግሥት ሳነሳ የሚሰጠኝን መልስም አውቀዋለሁ። «የፈርጉሰንን ተረት ልትነግረን ነው?» አዎ፣ ልነግራችሁ ነው። ምክንያቱም ያንን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናወራው ዋናው ነገር ተቆርጦ ወድቆ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተለመደው ትረካ እንዲህ ነው። ፈርጉሰን ሊባረር አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1990 በኤፍኤ ካፕ ኖቲንግሃም ፎረስትን በሜዳው ገጠመ። ወጣቱ ማርክ ሮቢንስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ፣ 1 ለ 0 አለቀ፣ አሰልጣኙ ተረፈ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ዋንጫውን አነሳ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። አንድ ጎል፣ አንድ ሰው፣ 26 ዓመት።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ከዚያች ጎል በኋላ ያለውን የጨዋታ መርሐ ግብር ተመልከቱ። ዩናይትድ በሚቀጥለው የሊግ ጨዋታ በኦልድ ትራፎርድ በደርቢ ካውንቲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ቀጥሎ በኖርዊች 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በሊጉ 11 ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ ድል የቀመሰው ፌብሩዋሪ ውስጥ ገብቶ ነው። ዓመቱን የጨረሰው 13ኛ ሆኖ በ48 ነጥብ ነው። 18ኛ ሆኖ የወረደው ሼፊልድ ዌንስዴይ 43 ነጥብ ነበረው። በፈርጉሰን አራት ዓመታት የክለቡ ደረጃ በቅደም ተከተል 11ኛ፣ 2ኛ፣ 11ኛ፣ 13ኛ ነበር። እንግዲህ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ቦርድ ቢሆን ኖሮ ከሮቢንስ ጎል በፊትም ሆነ በኋላ ለማባረር በቂ ምክንያት ነበረው።

የዚያኑ ዓመት ሌላ ገጽ እንግለጥ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1989፣ ሜይን ሮድ። ማንችስተር ሲቲ ዩናይትድን 5 ለ 1 ደቆሰው። በዚያ በጋ በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ጋሪ ፓሊስተርና ከዌስትሃም የመጣው ፖል ኢንስ ሁለቱም ሜዳ ውስጥ ነበሩ። ያን ዕለት በከተማዋ ጀግና የነበረው የሲቲው አሰልጣኝ ሜል ማቺን ነው። ሁለት ወር አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ሲቲ በሰንጠረዡ ግርጌ ሲንቀራፈፍ ማቺን ተሰናበተ። 5 ለ 1 ያሸነፈው ሰው ሄደ፣ የተሸነፈው ቀረ። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ቦርድ።

ሲቲ ወዲያው አልወደቀም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ማጭበርበር ይሆንብኛል። በ1991 በፒተር ሪድ ሥር 5ኛ ሆኖ ሲጨርስ ዩናይትድ 6ኛ ነበር። በ1992ም 5ኛ ሆነ። ታዲያ ሪድ ምን ደረሰበት? በ1993 የውድድር ዘመኑ ገና አራት ጨዋታ ተደርጎ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ያለው መቁጠርም ያሰለቻል። በ1996 ወረዱ። በዚያው ዓመት የሾሙት ስቲቭ ኮፔል 33 ቀን ቆይቶ ለቀቀ። በ1998 ወደ ሦስተኛው እርከን ወረዱ። ሜይ 26 ቀን 1999 ዩናይትድ ባርሴሎና ከተማ ላይ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ሲቲ ከአራት ቀን በኋላ ከሦስተኛው እርከን ለመውጣት ከጊሊንግሃም ጋር በፍጹም ቅጣት ምት ይለያይ ነበር። የሲቲ ችግር አሰልጣኝ መቀያየር ብቻ አልነበረም፤ የባለቤትነት ሽኩቻም ዕዳም ነበረበት። ግን በየጊዜው የሚመጣው አሰልጣኝ የቀደመው የገዛውን እየሸጠ ከዜሮ ሲጀምር ዕዳው የት ይቃለላል?

ወደ ዩናይትድ እንመለስ። ሊቀ መንበሩ ማርቲን ኤድዋርድስ በኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት ፈርጉሰንን ስለማሰናበት በቦርዱ ውይይት አልተደረገም። ቦቢ ቻርልተንም ከጎኑ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሩኅሩኆች ስለነበሩ አይደለም፤ ከፈርጉሰን በፊት የነበረውን ሮን አትኪንሰንን ያባረሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው። እኛ ደጋፊዎች ቅዳሜ ከሰዓት የማናየውን ነገር ያዩ ስለነበር ነው።

ምን አዩ? ፈርጉሰን በኖቬምበር 1986 ሲመጣ ክለቡ ከ22 ቡድኖች 21ኛ ነበር። ተጫዋቾቹ መጠጥ ቤት ማዘውተራቸው የተለመደ ነገር ነበር። የታዳጊዎች ምልመላውም ተዳክሞ፣ የከተማዋ ልጆች ወደ ሲቲ ይሄዱ ነበር። እሱ የመልማዮቹን ቁጥር አበዛ፤ የቀድሞውን ተጫዋች ብራያን ኪድን አምጥቶ የከተማዋን ልጆች ፍለጋ በእጁ ሰጠው። በ1987 አንድ በሲቲ በኩል ይሠለጥን የነበረ ልጅ 14 ዓመት በሞላበት ቀን ፈርጉሰን ራሱ ቤቱ ሄዶ በር አንኳኳ። ልጁ ራያን ጊግስ ነው። የሊግ ክለብ አሰልጣኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቤት መሄዱ በሰንጠረዡ ላይ ስንት ነጥብ ያስገኛል? ምንም። ሜይ 1992 ላይ ግን ጊግስ፣ ቤካም፣ በትና ጋሪ ኔቪል ያሉበት ቡድን የወጣቶችን ኤፍኤ ካፕ ወሰደ። ዩናይትድ በ1993 ከ26 ዓመት በኋላ ሊጉን ሲያሸንፍ ደግሞ በ5 ለ 1ዱ ቀን የተሳለቁባቸው ፓሊስተርና ኢንስ የቡድኑ ምሰሶ ነበሩ።

የሠራው ሁሉ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። በ1989 ፖል ማክግራዝን ለአስቶን ቪላ ሸጠው፤ ሰውየው በ1993 የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ኮከብ ሆነ። ደጋፊውም የተናደደው በከንቱ አልነበረም። ዲሴምበር 9 ቀን 1989 በክሪስታል ፓላስ 2 ለ 1 በተሸነፍንበት ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። እኔም እዚያ ብኖር አንዱን ጫፍ እይዝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለ ፓላስ ካነሳን አይቀር፣ በዚያው ሴፕቴምበር ፓላስ በሊቨርፑል 9 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። ዘጠኝ! ቦርዱ አሰልጣኙን አልነካውም። ኤፕሪል ላይ ያው ፓላስ ያንኑ ሊቨርፑል በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 3 አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ከዩናይትድ ጋር 3 ለ 3 ተለያይቶ በድጋሚው ጨዋታ በሊ ማርቲን ጎል 1 ለ 0 ተረታ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። አሰልጣኙ ማን መሰላችሁ? ስቲቭ ኮፔል። በኋላ ሲቲ ውስጥ 33 ቀን ብቻ የቆየው ሰው።

እስካሁን ለእኔ የሚመቸውን ብቻ ነው ያወራሁት። ሌላም ወገን አለ። ያኔ በሮቢንስ ጎል የተሸነፈው የፎረስቱ ብራያን ክላፍ በ1979ና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳ ታላቅ አሰልጣኝ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ክለቡን መራ፤ በ1993 ታምሞና ደክሞ ቡድኑ ወረደ፣ እሱም ተሰናበተ። ፎረስትም ታግሦ ነበር እኮ። ልዩነቱ ግን ፎረስት የታገሠው ላለፈው ውለታ ሲሆን፣ ዩናይትድ የታገሠው ገና እየተሠራ ላለ ሥራ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ሁላችንም እንተርታለን። የገማ እንቁላል ግን ስንት ወር ቢታቀፉት አይፈለፈልም። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት «እንታገሥ ወይስ አንታገሥ» ሳይሆን ውስጡ ምን አለ በሚለው ላይ ነው።

«ያኔ ሌላ ዘመን ነበር፤ አሁን ሻምፒየንስ ሊግ ያልገባ ክለብ ስንት ሚሊዮን ያጣል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናችሁ። ግን የማባረሩስ ዋጋ? ከ2013 ወዲህ ክለባችን ለዴቪድ ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ሰጥቶ በአሥር ወሩ አሰናበተው። ቫን ኻል፣ ሞሪንዮ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ ተከተሉ። እያንዳንዱ የራሱን ተጫዋቾች አስገዛ፣ ተከታዩም ግማሾቹን አልፈልግም አለ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የ2016ቱ ነው። ሜይ 21 ዌምብሌይ ላይ ዩናይትድ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 1 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ ወሰደ፤ እንደ 1990ው ያው ዋንጫ፣ ያው ተጋጣሚ። ከሁለት ቀን በኋላ ቫን ኻል ተባረረ። የቫን ኻል እግር ኳስ እንቅልፍ ያስወስደኝ ነበር፤ ይቆይ ብዬ አልከራከርም። ግን የ18 ዓመቱን ራሽፎርድን በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ያሰለፈው እሱ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ይህን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ?

አሁን ወንበሩ ላይ ስላለው ሰው የምጠይቃችሁም ከዚህ አይዘልም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብንሸነፍ አብረን እንናደድ፤ እኔም አልቀርም። «ይባረር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን የ18 ዓመት በታች ቡድናችን ውስጥ ካሉት ልጆች የሦስቱን ስም ጻፉልኝ፤ ካልቻላችሁ አሰልጣኙ ምን እየሠራ እንደሆነ በምን አወቃችሁ?