አየርና ሕክምና በአል አይን፦ ከተምር ጥላ እስከ ጤና ጣቢያ

አል አይን በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች፣ በአቡ ዳቢ ኤሚሬት ምሥራቃዊ ክፍል በኦማን ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአቡ ዳቢ ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መሀል አገር ገብታ በጀበል ሐፊት ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት፣ ማለትም ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ በሰፈሩ የሚያገኘው ምርመራ፣ ክትባት፣ የእናቶችና የሕጻናት ክትትል፣ በዚህች ከተማ ምን ዓይነት ሕመምተኛ እንደሚጠብቀውና በምን እንደሚፈተን የወሰነው በአብዛኛው የአየሩ ጠባይ ነው።

ሐኪም ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡ ራሱን ከሐሩር የሚጠብቀው በአኗኗሩ ነበር። ኢትዮጵያ ክረምት የምትላቸው ወራት በባሕረ ሰላጤው የሐሩሩ ማየያ ናቸው፤ በነዚህ ወራት ብዙ ወንዶች ሉል ለማውጣት ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ በጠረፍ የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ከእርጥቡ ወበቅ ሸሽተው ወደ አል አይንና ወደ ሊዋ የተምር አጸዶች በግመል የቀናት መንገድ ይጓዙ ነበር። ይህ ወቅታዊ ስደት ሙቀይዝ ይባላል። ጥላውን ያቆየው ፈለጅ ነው፤ ፈለጅ ማለት ከተራራ ግርጌ የሚገኘውን የከርሰ ምድር ውኃ ያለ ምንም ሞተር፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ እየመራ ወደ አጸዱ የሚያወርድ ቦይ ሲሆን፣ በአካባቢው 3,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የአል አይንን ጥንታዊ ስፍራዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አጸዶቹንም አካቷል።

ይሁንና ከሐሩር ያዳነው ውኃ ሌላ ሕመም ይዞ መጥቷል። ቦይና ያቆረ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ በመሆናቸው፣ ቆላ የወረደ የደጋ ሰው የሚያውቀው ንዳድ ለአጸዱ ነዋሪዎችም የዘወትር ጠላት ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በአገር ውስጥ የተላለፈ የመጨረሻውን የወባ ሕመም የመዘገበችው በ1997 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነፃ መሆኗን ያረጋገጠላት በ2007 ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አል አይን የገባው በ1960 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሐኪሞች ፓትና ማሪያን ኬኔዲ፣ በወቅቱ የአካባቢው አስተዳዳሪ በነበሩት በሼህ ዘይድና በወንድማቸው በገዥው በሼህ ሸኽቡጥ ግብዣ መጥተው፣ በተሰጣቸው የጭቃ ጡብ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ኦኤሲስ ሆስፒታል የተባለው ይህ ተቋም ኋላ ላይ፣ ሕዝቡ ኬኔዲን በሚጠራበት አጠራር፣ ከነድ ሆስፒታል ተብሏል። በ1962 የመጣችውና ሕዝቡ ዶክቶራ ለጢፋ እያለ የሚጠራት ካናዳዊቷ ነርስ ገርትሩድ ዳይክም ለ38 ዓመታት አገልግላለች። የጭቃ ግድግዳ ሐሩሩን ያበርዳል፤ ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ግን ራሱ የሚሸረሸር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ቤት ከሕመምተኞቹ ቤቶች ያላነሰ ለአየሩ የተጋለጠ ነበር።

ከነዳጅ ሀብቱ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ሼህ ዘይድ በ1966 የአቡ ዳቢ ገዥ ሆኑ፤ በ1971 የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ በ1979 ተዋም ሆስፒታል በአል አይን ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ ሰሐ የተባለው የኤሚሬቱ የጤና አገልግሎት ኩባንያ ተቋቁሞ የመንግሥት ሆስፒታሎችንና ጤና ጣቢያዎችን በአንድ አስተዳደር ሥር አዋለ። ለጤና ጣቢያ ግን ከሕንፃው የማያንስ ለውጥ ያመጡት የኤሌክትሪክ ኃይልና አስፋልት ናቸው። አብዛኛው ክትባት ከፋብሪካ እስከ ሕጻኑ ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ይህም የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይባላል። ከአል አይን ወጣ ብላ በምትገኘው በስዌይሓን በ2021 የተመዘገበውን ያህል፣ ማለትም 51.8 ዲግሪ፣ ሙቀት በሚደርስበት አገር፣ ሰንሰለቱ የሚቆየው ኃይሉ እስካልተቋረጠና መኪናው እስካልቆመ ድረስ ብቻ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ከሐሩር ሲያድን፣ ሐሩሩ ከደጅ በሚሠራው ሰው ላይ ቀረ። የሙቀት ምት የሚባለው የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ አእምሮ ሲዛባ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ከፀሐይ ጋር አያይዘው ምች የሚሉትንና በዳማከሴ የሚያክሙትን ሕመም ቢያስታውስም፣ ይኸኛው በፍጥነት በውኃ ካልቀዘቀዘ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መከላከሉ ከሐኪም ክፍል ወጥቶ ወደ ሥራ ሕግ ገባ። ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ በሐሩሩ ወራት እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጭ በፀሐይ መሥራት ይከለከላል፤ ወቅቱ አሁን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ማለትም ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ነው። የግንባታ ሠራተኛው በዚህ ደንብ ጥላ ሲያገኝ፣ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ግን የሐሩራቸው መጠን የሚወሰነው በአሠሪያቸው ቤት አያያዝ ነው።

ሌላው ፈተና ዝናብ ነው። በኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል አይን ክልል፣ ኸትም አል ሸክላ በተባለ ስፍራ፣ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ ይህም የአካባቢውን ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን እንደ ማግኘት ነው። አገሪቱ ምዝገባ ከጀመረችበት ከ1949 ወዲህ ከታየው ሁሉ የበረታ መሆኑን ብሔራዊው የሜትሮሎጂ ማዕከል አስታወቀ። ትምህርት ቤቶች በርቀት እንዲያስተምሩ፣ የመንግሥት ሠራተኞችም ከቤት እንዲሠሩ ታዘዘ፤ ጎዳናዎች በውኃ ተሞሉ፤ የተደረመሰ መንገድም ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን በሰፈር የሚገኝ ጤና ጣቢያ ፋይዳው ይበልጥ ይጎላል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ያለቀበት አዛውንት፣ የኩላሊት እጥበት ቀን የደረሰበት ሕመምተኛና ምጥ የጀመራት እናት የሚያስፈልጋቸው የታላቅ ሆስፒታል ስም ሳይሆን መንገድ ነውና። ውኃው ካለፈም በኋላ ያቆረው ኩሬ ለትንኝ መራቢያ ስለሚሆን፣ የጥንቱ የአጸድ ሕመም ሥጋት በከተማ መልክ ይመለሳል።

ስድሳ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ አል አይን የጭቃ ቤት ሐኪምን በዘመናዊ ጤና ጣቢያ ተክታለች፤ ከአየሩ ጥገኝነት ግን ነፃ አልወጣችም፤ የጥገኝነቱን መልክ ብቻ ለወጠች። የቀድሞው ሰው ከሐሩር ለማምለጥ ወደ ጥላው ይጓዝ ነበር፤ የዛሬው ጥላ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሽቦና በአስፋልት ወደ ሰው የሚመጣ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ በተቋረጠ ቀን ጥላው አብሮ ይቋረጣል።